የእድር ክፍያ በስልክ

ለሥራ ጫግኒ ሳምንት ሰንብቼ እንጅባራ ስገባ፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ይርሳው መንገድ ላይ አስቆሙኝ። «አንተ ልጅ፣ ቅጣት አለብህ» አሉኝ። ሳቄ መጣ። እኔ ደመወዝ እንደገባ ቁጭ ብዬ በስልኬ የምደለድል ሰው ነኝ፤ ኪራዩን፣ ቁጠባውን፣ እድሩን፣ ሁሉንም ከወንበሬ ሳልነሳ ከባንክ ሒሳቤ እልካለሁ። «ኧረ ጋሼ፣ የወሩን አስገብቻለሁ እኮ! ደረሰኙ ይኸው!» ዞር ብለውም አላዩት። «ብሩማ ገብቷል። ከቀብር የቀረኸው አንተ ነህ።»

«የማን ቀብር?»

ትክ ብለው አዩኝ። «የእትዬ የሻረግ ነዋ! የጎረቤትህ!»

«ቅጣቱን አሁኑኑ ልላክልዎት?» አልኳቸው።

«ስልክህን ክተተው! ብር ቃሬዛ ይሸከማል? ይልቅ ሂድና ከልጃቸው ጋር ተቀመጥ።»

ሄድኩ። ድንኳኑ ተነስቷል፤ ቤት ውስጥ ጥቂት ሰዎች ብቻ ቀርተዋል። ጥቁር የለበሰችው ልጃቸው ወንበር ሳበችልኝ። «እግዜር ያጽናሽ» አልኳት። «አሜን» አለች። እኔ መሬት መሬቱን አያለሁ፤ እሷ ፊቴን ታያለች። ከየትኛው ዘመድ እንደምታስጠጋኝ ቸግሯታል መሰለኝ፣ በመጨረሻ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ይቅርታ፣ እርስዎ ከየት ነው የመጡት?» አለችኝ።

ከጀርባዋ ያለውን፣ ከቤቴ ጋር የሚያዋስነንን ግድግዳ በእጄ አሳየኋት።

«ከዚህ» አልኳት።