አናጢው ያላስያዘው ትልቅ መኪና

አንድ ማለዳ መኪና በሚያከራይ ቢሮ ተራዬን ስጠብቅ ጎረቤቴን አናጢውን አገኘሁት። ሚስቱ ዐይኗን ታክማ ከሆስፒታል የምትወጣበት ቀን ነው። እሱ መንዳት አይችልም፤ የምትነዳለት አብራው የመጣች፣ አስተማሪ የሆነች የወንድሙ ልጅ ናት። ትንሽ መኪና አስይዘዋል። ከኪራዩ የሚተርፈው ገንዘብ በሸሚዙ ኪስ ለብቻው ተጠቅልሏል። ሆስፒታል ውስጥ ተሠርቶ ለሚጠብቃት መነጽር መክፈያ ነው።

የቢሮው ሠራተኛ ቁልፍ አንጠልጥሎ መጣ።

«አባቴ፣ ለእርስዎማ ትልቁ መኪና ነው የሚመጥነው። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

አናጢው ፊቱ በርቶ ብዕር አነሣ። ልጅቱ ወረቀቱን በመዳፏ ሸፈነችው።

«ጋሼ፣ ይቆዩ። ዋጋውን ይጠይቁ።»

«ያከበረኝን ሰው ስንት ነው ልበለው? ይሉኝታ አልፈጠረብሽም?»

«በር ላሠራ ብሎ ለመጣ ሰው መስኮት ቢጨምሩለት፣ መስኮቱ በነፃ ነው?»

«ምን ቆርጦኝ! የእንጨቱን ማን ሊከፍል? ደግሞ ሰውየው ሳይስማማ እንጨት አልቆርጥም።»

«ታዲያ እዚህስ ሳይስማሙ ለምን ይፈርማሉ?»

አናጢው ብዕሩን አስቀመጠ። ዐይኑ ግን ከመስታወቱ ባሻገር ከቆመው ትልቅ መኪና አልተነቀለም።

«አክስትሽ በዚህ ብትመጣ እኮ ሰፈሩ ወጥቶ ነው የሚያያት።»

«ሰፈሩስ ያያታል። እሷ ሰፈሩን በምን ልታየው ነው?»

እጁ ወደ ሸሚዙ ኪስ ሄደ። ወደ ሠራተኛው ዞረ።

«ልጄ፣ ስላከበርከኝ ተባረክ። ካስያዝነው በላይ የሚያስከፍል ነገር አለው?»

«እጥፍ ነው፣ አባቴ።»

«እና ምነው ዝም አልክ?»

«አልጠየቁኝማ።»

«በል ያስያዝነውን አምጣልን።»

ሠራተኛው መዝገቡን አገላብጦ አንገቱን አከከ። ትንሹ መኪና ሌላ ሰው ይዞት ወጥቷል።

«እንግዲያው ጥፋቱ የእናንተ ነው» አለች ልጅቱ በትሕትና። «ትልቁን በትንሹ ዋጋ ስጡን። ውሉም ላይ ይጻፍ።»

ሠራተኛው አለቃውን ጠይቆ ተመለሰና «ተጨማሪ ክፍያ የለውም» ብሎ ጻፈ። አናጢው ጮክ ብሎ እንዲያነብለት አደረገ። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ፈረመ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። መኪና የምትከራዩ ሰዎች፣ የተሻለ ነገር ሲሰጧችሁ አመስግኑ፤ ቀጥሎ ዋጋውን ጠይቁ፤ መልሱንም አስጽፉ። ይህን ያደረገ ሰው መኪናውን ሲመልስ አይደነግጥም፤ ለቤቱ ያሰበውም በኪሱ ይቆያል። ጥያቄ ማንንም አያዋርድም። እኔም ተራዬ ሲደርስ ከሰላምታው ቀጥሎ ያነሣሁት ዋጋውን ነው።

ከሰዓት በኋላ ትልቁ መኪና ሰፈር ገባ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ሚስቲቱ መነጽሯን አድርጋ ወረደች፤ ሁላችንንም አንድ በአንድ አየችን፤ ከዚያ ባሏ የሠራው የቤታቸው በር ፊት ቆመች።

«አንተ ሰው፣ ይሄ በር ጠማማ ነው እንዴ?»

አናጢው እንባው እስኪፈስ ሳቀ።

«ነገ አቃናዋለሁ» አለ። «በነፃ። እንዲያውም ከፈለግሽ እጽፍልሻለሁ!»