ሰማያዊዋ መስመር

(ፍኖተ ሰላም፤ የተሰበረ ስልክ ወለሉ ላይ ተበታትኗል፤ የኮምፒውተር አስተማሪዋ እማዋይሽ አንድ ክንዷን በነጠላ አስራ አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣለች፤ ባሏ ተሻገር መጥረቢያ ይዞ ከኋላዋ ቆሟል።)

ተሻገር፦ ዞር በይ ብያለሁ! ለሁለት ልክፈለውና ይለይለት!

እማዋይሽ፦ ክፈለው። ቆርቆሮው ይሰበራል፤ ቪዲዮው ያለው ግን ውስጥ ዲስኩ ላይ ነው። ከስብርባሪው ለቅሞ የሚያወጣ ሰው ሞልቷል።

ተሻገር፦ ስልክሽን ስሰብር አለቀ ብዬ! እዚህ ሳጥን ውስጥ መገልበጥሽን ማን ያውቃል?

እማዋይሽ፦ ስትመታኝ የተቀረጸው እንዲጠፋ ከፈለግህ ሊኑክስ ልጫንበት። አዲስ ሲስተም ሲገባ አሮጌው ከነጓዙ ይወጣል።

ተሻገር፦ ዊንዶውሱን ከፍተሽ ለምን አታጠፊውም?

እማዋይሽ፦ ቪዲዮውን ከገለበጥኩበት ወዲህ አልነሳም ብሏል፤ ማሽኑ አርጅቷል። ሊኑክሱ ያለባትን ይቺን ፍላሽ ልሰካ።

ተሻገር፦ ጠቆረ! ስክሪኑ ጠቆረ! ልትጫወቺብኝ ነው? ያኛውንም ክንድሽን ልድገመው?

እማዋይሽ፦ ጸጉሬን ልቀቅና ልይበት። የምስል ካርዱ የድሮ ነው፤ አዲሱን አልቻለውም። እንደገና አስነስቼ በቀላሉ መንገድ ግባ ልበለው። በአንድ እጅ ስጽፍ ደግሞ ታገሥ፤ ሌላውን የሰበርከው አንተ ነህ።

ተሻገር፦ «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳሉ» ይል ነበር አባቴ።

እማዋይሽ፦ አህያዋ ስትራገጥ የማንን ጥርስ እንደምታወልቅስ አልነገረህም?

ተሻገር፦ ምን አልሽ?

እማዋይሽ፦ ተነሳ ነው ያልኩት። ይኸው ተከፈተ። አሁን ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ተሻገር፦ ለማጥፋት ኢንተርኔት?

እማዋይሽ፦ የጎደለውን የሚያመጣው ከዚያ ነው። የእኔን ስልክ ከስክሰኸዋል፤ የአንተን ሆትስፖት ክፈትልኝ።

ተሻገር፦ ይኸው! ተንኮል ካለው በዚህ መጥረቢያ አንገትሽን ነው የምልሽ።

እማዋይሽ፦ ያቺን ሰማያዊ መስመር ተመልከት። ጫፍ ስትደርስ አበቃ።

ተሻገር፦ ግማሽ እንኳ አልሞላችም! ፍጠኚ በያት!

እማዋይሽ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ተሻገር፦ ያ ፖሊስ ወንድምሽ ከጠየቀሽ፣ ከደረጃ ወደቅኩ ነው የምትይው። ሰምተሻል?

እማዋይሽ፦ ምንተስኖት ቤታችን ደረጃ እንደሌለው ያውቃል።

ተሻገር፦ ታዲያ ከአልጋ ውደቂ! ማስረጃ ከሌለው ምን ያመጣል? ... ሞላች! ጫፍ ነካች!

እማዋይሽ፦ ነካች።

ተሻገር፦ ጠፋ?

እማዋይሽ፦ ደረሰ። ምንተስኖት ጋ፣ በራስህ ስልክ ኢንተርኔት። ሊኑክሱን ከፍላሹ ላይ ብቻ አስነሳሁት እንጂ አልጫንኩትም፤ ቪዲዮውን ከዲስኩ አውጥቼ ላክሁለት።

ተሻገር፦ አንቺ...! ማነው በሩን እንዲህ የሚደበድበው?

እማዋይሽ፦ መስመሯ ከመሙላቷ በፊት «ድረስልኝ» ብዬው ነበር፤ ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ አይደል? መጥረቢያውን አስቀምጥና ክፈትለት። አይዞህ፣ ደረጃ የለንም፤ አትወድቅም።