ከድጃ አገር ስትመርጥ

(ወልድያ፣ ከሰዓት በኋላ። ባልና ሚስቱ ይመርና ከድጃ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ዱባይ የምትሠራው ልጃቸው ሉባባ ለዕረፍት የሚሄዱበትን ሰላማዊ አገር እንዲመርጡላት ነግራቸው፣ መልሳቸውን ልትሰማ ልትደውል ነው።)

ይመር፦ ሲሸልስንም እምቢ አልሽ?

ከድጃ፦ እምቢ አልኩ። ዙሪያው ባሕር ነው አላልክም?

ይመር፦ ደግነቱ ባሕሩ አይደል! አሸዋው ላይ ጋደም ብሎ ነፋስ መቀበል ነው።

ከድጃ፦ ግርግር ሲነሳስ በየት ይወጣል? የሉባባ አባት፣ እኔ ዓሣ አይደለሁ።

ይመር፦ ግርግር የለም ነው የምልሽ! ልጅቱ አጣርታለች። ሌባ እንኳ ብርቅ ነው አለች።

ከድጃ፦ እኛስ ጋ ብርቅ አልነበረም? በሩን በድንጋይ አስደግፈን አልነበር ገበያ የምንወርድ?

ይመር፦ ይሁን፣ ስዊዘርላንድ። መሸሻ ካልሽ ተራራ በተራራ ነው። ሁለት መቶ ዓመት ጦርነት አላዩም አሉ።

ከድጃ፦ ሁለት መቶ ዓመት? እንግዲያ ተራቸው ደርሷላ።

ይመር፦ አስተግፍሩላህ! በሰው አገር አታሟርቺ።

ከድጃ፦ ከየቤታቸው ሥር መደበቂያ ቆፍረዋል ያልከኝ አንተ ነህ። ልቡ ያረፈ ሰው ጉድጓድ ምን ያደርግለታል?

ይመር፦ እባብ ያየ በልጥ በረየ! በርበሬ ሲወቀጥ እንኳ አልጋ ሥር ትገቢያለሽ። ጦርነቱ ከከተማችን ከወጣ ስንት ጊዜው! ሐኪሙ ምን አለኝ? «ጸጥ ያለ ቦታ ወስደህ አስተኛት፣ ካልተኛች ልቧ አይችልም» አላለም?

ከድጃ፦ ሐኪሙስ እሱ ራሱ ይተኛል? የዓይኑ መቅላት የኔን አይደል የሚመስለው!

ይመር፦ ቀልዱን ተይው፣ እቴ። አንቺ ቁጭ ብለሽ ስታነጊ እኔ የተኛሁ ይመስልሻል? ትንፋሽሽን ሳዳምጥ ነው የሚነጋው።

ከድጃ፦ …አላውቅም ነበር።

ይመር፦ አብሽሪ። በቃ ዛንዚባር እንሂድ። አዛን ትሰሚያለሽ፣ መንገዱ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል አሉ።

ከድጃ፦ እሱም ደሴት ነዋ?

ይመር፦ ደሴት ነው። ጀልባ ግን ሞልቷል።

ከድጃ፦ ጀልባ ካለስ ደህና። እዚያ እተኛለሁ ትላለህ?

ይመር፦ ወላሂ ትተኛለሽ! እንደ ሕፃን።

ከድጃ፦ እኔም አልጠፋኝም፤ እተኛለሁ። የምፈራው እሱን ነው።

ይመር፦ እንቅልፍ ይፈራል እንዴ?

ከድጃ፦ ዛሬ ደግፎ የያዘኝ እንቅልፍ አለመልመዴ ነው። ገላዬ ዕረፍትን አንዴ ከቀመሰ በኋላ፣ እዚህ መልሰህ ስታመጣኝ የምችለው ይመስልሃል?

ይመር፦ …ስልኩ እየጠራ ነው። ሉባባ ናት። ምን ልበላት?

ከድጃ፦ የምንሄድበት አላጣንም፣ የምንመለስበት ነው ያጣነው በላት።