በገዛ እጃቸው የተከሏት ጽድ

ሜላትዬ፣ ይህን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም… ቆይ ግን፣ ከግራና ገበያ የላክሁልሽ ፓፓያ ደረሰሽ? ጣፋጭ ነው አይደል? ዘንድሮ ሙቀቱ ቶሎ አበሰለው መሰለኝ። ይሄ ሙቀትማ! ድሮ መርሳ እንዲህ ታቃጥል ነበር? አንድ የማከብራቸው የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያ «ምድር ትኩሳት ይዟታል» ሲሉ ሰምቻለሁ። ወልድያ፣ ኤሲ ባቀዘቀዘው አዳራሽ ውስጥ ነው ያሉት። ታዳሚው ሁሉ አጨበጨበ። እንዲህ ለምድር የሚራራ አንጀት ከየት ይገኛል?

እሁድ እናንተ ቤት ሽማግሌ እንደሚመጣ ሰማሁ። አንቺም እሺ ልበል እምቢ እያልሽ ታመነቻለሽ አሉ። ማን እንደላካቸው አልጠየቅሁም… ምን አግብቶኝ? እኔ የማወራው ስለ እኚያ ስለማከብራቸው ሰው ነው።

ታውቂ የለ፣ የምሠራው ችግኝ ጣቢያ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በተከላ ዘመቻ ዕለት ከመርሳ በላይ ያለው ተራራ ላይ ወጣን። ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ካሜራው ተደቅኖ፣ እሳቸው ጽዷን በሁለት እጃቸው ታቅፈው… ከነፕላስቲኳ ቀበሯት! ሥሯ በየት በኩል ይውጣ? ግን እንዴት ያሉ ጨዋ ናቸው አትይም? በሰው ፊት ልብሷን ማውለቅ ነውር ሆኖባቸው እኮ ነው! እኔም ያው ታውቂኛለሽ፤ አጠገባቸው ቆሜ «ፕላስቲኩ ይቀደድ» ማለት አፍሬ መሬት መሬቱን አየሁ።

ጽዷ ምን ታድርግ? ደረቀች። ብዙም ሳይቆይ፣ ከተተከለው ምን ያህሉ እንደጸደቀ የሚያዩ እንግዶች ከዞን ይመጣሉ ተባለ። ሊዋረዱ ነው ብዬ አንጀቴ አልቻለም። ቀድሜ ወጣሁና የደረቀችውን ነቅዬ ሌላ ተከልሁላቸው። ጣቢያው ውስጥ ጽድ አልቆ ስለነበር ወይራ ነው የተከልሁት። ከዚያ ወዲህ በጋ በመጣ ቁጥር ጠዋት ጠዋት በጄሪካን ውሃ ተሸክሜ ተራራ እወጣለሁ። ለምን? ለአካባቢ ጥበቃ ነዋ!… እንዲህ አትመልከችኝ እንጂ፣ ፊቴ ጋለ። እሺ። አንድ ቀን ዞር ብለው «ይህችን ማን አጠጣት?» ይሉኛል ብዬ ነበር። ይኸው፤ ወጣልኝ።

እሳቸውማ በየዓመቱ እንግዳ ይዘው ይመጣሉ። ወይራዋን ደባበስ እያደረጉ «ይህችን ጽድ እንደ ልጄ ነው ያሳደግኋት፤ ከእኔ እጅ በቀር ውሃ ቀምሳ አታውቅም» ይላሉ። ከተራራው ሥር የሚያርሱት ጋሽ ኡበይደላ አንድ ቀን አላስችል ቢላቸው «አላህ ምን ይሳነዋል! ጽድ ተተክሎ ወይራ ሲበቅል አየን» አሉ። ምን ቢመልሱላቸው ጥሩ ነው? «ልክ ነዎት፣ አባቴ!» ብለው ጨበጧቸው። እንዴት ያለ የዋህነት ነው! የሳተላይት ምስል የሚተነትን ሰው ቅጠልም ይለይ ማለት ግፍ አይሆንም? አሁንማ ለዚህችው ዛፍ ሲባል ወልድያ ሹመት ይጠብቃቸዋል አሉ። ሲያንሳቸው ነው።

ትናንትም መጥተው ነበር። አንዲት እንግዳ እኔን አየት አድርጋ «እሷስ ማን ናት?» አለች። እሳቸው ትንሽ አሰቡና… «ለእንግዶች ሃይላንድ የምታቀርብልን ልጅ ናት» አሉ። ምን ዋሹ? ይህን ሁሉ ጊዜ ውሃ አላቀረብኩም? ያውም ተሸክሜ!

ሌሊቱን እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ዛሬ ጠዋት ጄሪካኑን እንደ ልማዴ ሞላሁና ጋሽ ኡበይደላ ደጅ አስቀመጥሁት። ወይራዋ ምን በደለች? አደራዋን ለእሳቸው ሰጠሁ። እኔ ተራራውን ትቼ፣ ለሽማግሌዎቹ መልስ ሳትሰጪ ልድረስ ብዬ በቀጥታ ወደ አንቺ መጣሁ።

እንግዲህ እሺ የምትዪ ከሆነ ደስታሽ ደስታዬ ነው። ላኪው ማንም ይሁን ማን፣ ትዳርሽን ይባርክልሽ። ፎቶ አንሺ ከደጅሽ አይጥፋ። ባልሽም፣ እኚያ ሰው ያቺን ጽድ በገዛ እጃቸው እንደተንከባከቧት ይንከባከብሽ።

አሜን በዪ እንጂ፣ ሜላትዬ…