ካርቦን የበራበት ክፍል

ክቡራትና ክቡራን... ይቅርታ፣ ጓዶች! ምላሴም እንደ እኔ ጡረታዋ ደርሷል። ሥራችሁን ትታችሁ፣ በግ አርዳችሁ ስለምትሸኙኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነበርኩ። ከዚያ ሁሉ የማይረሳኝ ግን የዘንድሮው ነው።

መስከረም ላይ ርእሰ መምህራችን ጓድ እስጢፋኖስ ጠሩኝ። «ጋሽ ኢታና፣ ያቺ ጨለማ ክፍል ሥራ ፈታለች። እስከ ሰኔ አንድ ነገር ካላሳዩን የወንበር ማከማቻ ትሆናለች» አሉኝ። ስንቱ ተማሪ ብርሃን ሲሰበር ያየባት ክፍል እኮ ናት!

አንድ መጽሔት ላይ ያነበብኩት ነገር ነበር። ከድንጋይ ከሰል ዝፍት የሚወጣ፣ አብዛኛው ካርቦን የሆነ አንትራሲን የሚባል ነገር አለ። በስሱ ክሪስታል ተደርጎ አራት መቶ ቮልት ቢሰጡት ሳይነድ፣ ሳይግል ሰማያዊ ያበራል። የከሰል ዘር ያለ እሳት ሲበራ ማን ያምናል?

«የካርቦን ክሪስታል» ብዬ ለግምጃ ቤት ጻፍኩ። የግምጃ ቤቱ ጓድ ዋቅጅራ ሁለት ፓኬት የታይፕ ካርቦን ይዞልኝ መጣ። «ክሪስታል የሚባለው ማርካ አልቋል፤ ይሄም ጥሩ ይገለብጣል» አለኝ። አትሳቁበት! አንትራሲኑን ከኬሚስትሪ መደርደሪያ አገኘሁ፤ በካርቦኑ የመስኮቱን ስንጥቅ ደፈንኩበት። እጄ ሰማያዊ ሆኖ ቤት ስገባ ባለቤቴ ገዲሴ «በራልህ እንዴ?» አለችኝ።

ስምንት ክሪስታል ተሰነጠቀብኝ። ባለፈው ሐሙስ ዘጠነኛዋን ይዤ ሁላችሁንም አጨናንቄ አስገባኋችሁ። ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቄ ማብሪያውን ተጫንኩ። ተተኪዬ ትሩፋት «ያቻት! ሰማያዊ!» ብላ ጮኸች። ጓድ እስጢፋኖስም የዋቅጅራን እግር ረግጠው «ክፍሏ አትነካም!» አሉ።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። እኔ ብርሃኗን አላየኋትም። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል፤ ደካማ ብርሃን አይለይም። «አዎ፣ ሰማያዊ ናት» ያልኳችሁ ከእናንተው ሰምቼ ነው። ታዲያ አዘንኩ? በጭራሽ! ሚስቱ ስትወልድ ውጭ ቆሞ እልልታ እንደሚቆጥር አባት ነበርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

በሉ፣ ቁልፉን ለትሩፋት አስረክቤ ወደ ለቡ፣ ወደ እርሻችን ልሂድ። ዕድሜና ጤና አይለያችሁ። ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ። ዓይናችሁን ያብራላችሁ፤ እኔ የሰማሁትን እናንተ እያያችሁ ኑሩ።