የፈረንጁ ምንባብ

ከሆሳዕና በተነሳው አውቶቡስ ከፊቴ አንድ መምህርና ተማሪያቸው ተቀምጠዋል። ልጁ በእንግሊዝኛ ወድቆ፣ ማትሪክ በድጋሚ ሊፈተን አዲስ አበባ ይሄዳል። ከአንድ ፈረንጅ ሊቅ መጽሐፍ የተወሰደ የፈተና ምንባብ እያነበቡ ይለማመዳሉ።

"ጸሐፊው ስለኛ አገር ሰው ምን አለ?"

"የተጻፈ ነገር ስለሌለው ታሪክ የለውም አለ።"

"ጎሽ፣ ገብቶሃል። መልሱስ?"

"ውሸቱን ነዋ፣ ጋሼ። አባቴ ዘራችን ከብቱን እየነዳ ከየት እንደመጣ ሲተርክ ይውላል።"

"አባትህ ፈታኝ አይደሉም። ውሸት ነው የሚል ምርጫም የለም።"

"ታዲያ የቱን ላክብብ?"

"ታሪክ የለውም የሚለውን።"

"ባለፈው እንዲህ ያለውን ሁሉ እየዘለልኩ ነው የወደቅኩት።"

"አውቃለሁ።"

"እርስዎስ ያኔ ሲፈተኑ?"

"እኔማ አክብቤ ይኸው መምህር ሆንኩ።"

አውቶቡሱ እስኪቆም ድረስ የአባቶቼን ስም በሆዴ አንድ በአንድ ስጠራ ቆየሁ።