ኖር ያወረደው ሽመል

ወገዳ በምትባል የገጠር ከተማ ሳስተምር ነው። ዳይሬክተራችን ስለ አንጎል ሠልጥኖ መጥቶ፣ «የተቆጣ አንጎል ምክር አይሰማም፤ የለመደውን ግን ሳያስብ ያደርጋል» እያለ ስብሰባ ላይ ያስረዳናል። እኛ እናዛጋለን።

ድንገት በሩ ብርግድ አለ። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ሽመላቸውን ወድረው ገቡና «ልጄን በአለንጋ የተለተላት የቱ ነው?» ብለው ጮኹ። ልጅቷን የገረፋት መምህር አጠገቤ ነው። አለቀልን አልኩ። ዳይሬክተሩ ግን «ይረጋጉ» አላለም። ብድግ አለና እጅ እንደ መንሳት ዝቅ ብሎ «ኖር!» አላቸው። እኛም ልማድ ሆኖብን ግር ብለን ተነሣን፤ «ኖር! ኖር!»

«በእግዜር! በእግዜር! ተቀመጡ» አሉ ሰውዬው። ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸውም ደነገጡ። ሽመሉ ቀስ እያለ ወረደ። ዳይሬክተሩ የራሱን ወንበር ለቀቀላቸውና «እዚህ ቤት ለሚሆነው ሁሉ ተጠያቂው እኔ ነኝ፤ ለእኔ ይንገሩኝ» አለ። ነገሩት። ይኼኔ አጠገቤ ያለው መምህር ተነሥቶ «እኔ ነኝ የመታኋት፤ ይቅር ይበሉኝ» አለ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቅንቀው፣ ሽመላቸውን ተደግፈው ተነሡ። ሲወጡ ከደጃፉ ላይ ዞር አሉና፣ «ኖር ባትሉኝ ኖሮ፣ ዛሬ አንዳችሁም አትኖሩም ነበር» አሉን።